ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ እስከ ትልቁ ሆስፒታል፦ በውጭ ሀገር ስለ ሕክምናና ስለ ጤና መድን

በባዕድ ሀገር ከዋና ከተሞች ግርግር ርቀው በትናንሽ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ለመኖር የሚመርጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶቹ ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሌሎቹ በኢንተርኔት አማካይነት ከየትም ሆነው ይሠራሉ፤ የትዳር ጓደኞቻቸውን ተከትለው የመጡ፣ በወደብ ወይም በሆቴል የተቀጠሩም አሉ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስለ ጤና ስንጫወት ወሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «የትኛውን የጤና መድን ልግዛ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። እኔም በእንዲህ ዓይነት ከተማ የምኖር የውጭ ሀገር ሰው እንደመሆኔ፣ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በሁለተኛ ደረጃ መምጣት ያለበት ይመስለኛል። መቅደም ያለበት፣ ከምኖርበት ቤት ተነሥቶ ድንገተኛ የልብ ሕመምን ወይም ስትሮክን በአግባቡ ማከም እስከሚችል ሆስፒታል ድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ በምን ይኬዳል፣ የጉዞውን ሂሳብስ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ነው። የዚህን መልስ ሳያውቁ የተገዛ የመድን ውል ሽፋኑ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ ለከተማዋ የሚስማማ መሆኑ የሚታወቀው ችግር ሲደርስ ብቻ ነው።

ትናንሽ የባሕር ዳርቻ ከተሞች በሕክምና አገልግሎት ወደኋላ የሚቀሩት የገንዘብ እጥረት ስላለባቸው ብቻ አይደለም፤ መልክዓ ምድሩ ራሱ ድርሻ አለው። በየብስ መካከል ለሚገኝ ሆስፒታል ከአራቱም አቅጣጫ ታካሚ ይመጣለታል፤ በባሕር ዳር የተሠራ ሆስፒታል ግን የዙሪያው ግማሽ ውኃ በመሆኑ የሚያገለግለው ሕዝብ ቁጥር ከመነሻው ያነሰ ነው። የተዘጋ የልብ ደም ሥር የሚከፍት ቡድን ወይም ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሆን ክፍል ደግሞ በቂ ታካሚ ካላገኘ ወጪውን አይሸፍንም፤ የባለሙያዎቹም እጅ ከልምምድ ይርቃል። የእንግሊዝ ዋና የሕክምና ኃላፊ ክሪስ ዊቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ዓመታዊ ሪፖርት በሙሉ ስለ ባሕር ዳርቻ ማኅበረሰቦች ጤና የተጻፈ ሲሆን፣ በእነዚህ አካባቢዎች ለታካሚዎች የሚደርሰው የከፍተኛ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ቁጥር ከሌላው አካባቢ በ15 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ አሳይቷል። ጡረተኞች ወደ ባሕር ዳር ስለሚፈልሱ የነዋሪው ዕድሜ ከፍ ያለ መሆኑን፣ ወጣት ሐኪሞች ደግሞ ከማስተማሪያ ሆስፒታሎች ርቀው ለመኖር እንደማይጓጉ ስናስብበት፣ የታካሚው ፍላጎትና የሐኪሙ ቁጥር በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሄዱ ግልጽ ይሆናል። ይህ የሆነው በሀብታም ሀገር መሆኑን ልብ ይሏል።

በመሆኑም በእንዲህ ዓይነት ከተማ በተለምዶ የሚገኘው ጠቅላላ ሐኪም ያለበት ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ፣ አንድ ወይም ሁለት ፋርማሲ፣ አነስተኛ ላቦራቶሪና የጥርስ ሐኪም ነው። ይህ ሊናቅ አይገባውም። ለደም ግፊት ክትትል፣ ለስኳር በሽታ፣ ለልጅ ትኩሳት፣ ለቁስል ስፌት፣ ለክትባት በትንሽ ከተማ ያለ ጥሩ ሐኪም ከትልቅ ከተማው ስፔሻሊስት ሊሻል ይችላል፤ ታካሚውን በስሙ ያውቀዋል፣ ቤተሰቡንም ያውቃል፣ ቀጠሮውም ቅርብ ነው። የሚጎድለው ሌላ ነው፤ ሲቲ ስካን (የሰውነትን ውስጥ በጨረር የሚያነሣ መሣሪያ)፣ ቀዶ ሕክምና፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የልብና የአንጎል ስፔሻሊስት። ይህ ጉድለት የሚጎዳው ደግሞ ሰዓት በሚቆጠርባቸው ሕመሞች ነው።

ስትሮክን እንውሰድ። በደም መርጋት ምክንያት ለሚመጣው ዓይነት የሚሰጠው መርጋቱን የሚያሟሟ መድኃኒት፣ በመደበኛው የሕክምና መመሪያ መሠረት፣ ምልክቱ ከታየበት ጊዜ አንሥቶ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ ሕመሙ የመጣው ከደም መርጋት እንጂ ከደም መፍሰስ አለመሆኑ እንደ ሲቲ ስካን ባለ የአንጎል ምስል ምርመራ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ መድኃኒቱ በሚፈስ ደም ላይ ቢጨመር ገዳይ ነውና። ሲቲ ስካን የሌለው ክሊኒክ ስለዚህ መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ ቢኖረው እንኳ ሊሰጠው አይችልም። ለዚህ ሕመም ወደ ቅርቡ ክሊኒክ ሄዶ ተራ መጠበቅ ውድ ደቂቃዎችን ማባከን ስለሚሆን፣ ፊት የተጣመመበት፣ እጅ የዛለበት ወይም አንደበት የተሳሰረበት ሰው ሲያጋጥም በቀጥታ የአምቡላንስ ጥሪ ማድረግ ይመረጣል።

የልብ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ዋናው የልብ ደም ሥር ሙሉ በሙሉ በሚዘጋበት ጊዜ ምርጡ ሕክምና ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብቶ መክፈት ሲሆን፣ የአውሮፓ የልብ ሕክምና መመሪያ ይህ ሕክምና ሕመሙ በኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት በሚመዘግብ ምርመራ) ከታወቀበት ቅጽበት ጀምሮ በ120 ደቂቃ ውስጥ ሊደረግ የማይችል ከሆነ፣ መርጋቱን የሚያሟሟው መድኃኒት በሽተኛው ባለበት ቦታ ተሰጥቶት ከዚያ በኋላ እንዲጓጓዝ ያዝዛል። ከትልቁ ሆስፒታል ሁለት ሰዓት የሚርቅ ነዋሪ ስለዚህ የከተማዋን ሐኪም ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ አለ፦ እዚህ ሌሊትም ኢሲጂ ይነሣል ወይ? መድኃኒቱስ አለ ወይ? የሚሰጠው ማን ነው? እኔ ቤት ከመከራየቴ በፊት ይህን ስጠይቅ ሐኪሙ በጥያቄው የተገረመ ቢመስልም፣ መልሱን በዝርዝር ነገረኝ፤ ከዚያ ወዲህ ለአዲስ መጤዎች ሁሉ ይህንኑ እንዲያደርጉ እመክራለሁ። የአምቡላንሱንም ነገር አብሮ መጠየቅ ይገባል። በብዙ ትናንሽ ከተሞች በሌሊት የሚሠራው አንድ አምቡላንስ ብቻ ነው፤ እርሱ አንድ በሽተኛ ይዞ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ከሄደ እስኪመለስ ድረስ ከተማዋ ባዶዋን ትቀራለች። መንገዱ በጀልባ የሚያቋርጥ ከሆነ ማዕበል፣ በሄሊኮፕተር የሚኬድ ከሆነ ጭጋግና ነፋስ ውሳኔውን ከሐኪሙ እጅ ይነጥቁታል።

የመድን ውል መነበብ ያለበት በዚህ ዓይን ነው። አብዛኛው ሰው ውሉን ሲያነብ ዓይኑ የሚያርፈው በዓመታዊው የክፍያ ጣሪያ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ይረካል። እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው ስለ መጓጓዣ የሚናገረውን ክፍል ነው። የከተማው አምቡላንስ፣ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚደረግ ዝውውር፣ በአውሮፕላን ወይም በሄሊኮፕተር የሚደረግ የሕክምና ጉዞ፣ ታክሞ የዳነ ወይም የተረጋጋ ሰው ወደ ትውልድ ሀገሩ የሚመለስበት ጉዞ በውል ቋንቋ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ መሸፈኑ ሌላው ለመሸፈኑ ማስረጃ አይሆንም። በሕክምና ጉዞ ላይ የሚገኘው የተለመደ አንቀጽ «ተገቢው ሕክምና ወደሚገኝበት የቅርብ ተቋም» ይላል፤ ይህም ማለት በሽተኛው የሚወሰደው ወደሚመርጠው ሆስፒታል ወይም ወደ ዘመዶቹ ሳይሆን የመድን ድርጅቱ ሐኪሞች በቂ ነው ወዳሉት ቦታ ነው። ጉዞው ድርጅቱ አስቀድሞ ካልፈቀደው ወይም ራሱ ካላዘጋጀው ክፍያው ሊከለከል እንደሚችልም አብሮ ይጻፋል። በባሕር ላይ የጠፋን ወይም በአደጋ ላይ ያለን ሰው ፈልጎ ማውጣት ደግሞ ሕክምና ተብሎ ስለማይቆጠር በብዙ ውሎች አይካተትም፤ ትንሽ ጀልባ ያለው ወይም ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ሰው ይህን አንቀጽ ነጥሎ ቢፈልገው መልካም ነው።

ጠላቂዎችም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ከጥልቅ ውኃ በፍጥነት የወጣ ሰው በደሙ ውስጥ የናይትሮጅን አረፋ ሲፈጠርበት የሚያስፈልገው ሕክምና ንጹሕ ኦክስጅንና ከፍተኛ የአየር ግፊት ያለበት ልዩ ክፍል ሲሆን፣ ይህ ክፍል በየከተማው የሚገኝ አይደለም። በዚያ ላይ የአየር ግፊት ሲቀንስ አረፋው ስለሚያድግ፣ እንዲህ ያለውን በሽተኛ የሚያጓጉዝ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መብረር ወይም የውስጥ ግፊቱን በባሕር ወለል መጠን መጠበቅ አለበት። በዚህ ምክንያት ጉዞው ከተራው የሕክምና በረራ የተለየ ዝግጅት ይጠይቃል። ብዙ ውሎች ጠለቃን ወይ ከሽፋኑ ጨርሶ ያወጡታል፣ ወይም ጥልቀቱን በሜትር ይገድቡታል፤ በመሆኑም ጠላቂዎች ለብቻው የተዘጋጀ መድን ቢይዙ አይገርምም።

የውጭ ሀገር ነዋሪ ሽፋን ሊያገኝባቸው የሚችሉት መንገዶች ብዙ ቢመስሉም መነሻቸው ሁለት ነው፤ ወይ ነዋሪነቱ ወይም ሥራው በሚሰጠው መብት በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ ይገባል፣ ወይም ከግል ድርጅት ይገዛል። በመንግሥት ሥርዓት የመግባት መብት ካለ፣ በእኔ አስተያየት፣ ለትንሽ ከተማ ነዋሪ ከሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም አምቡላንሱ፣ ክሊኒኩና ትልቁ ሆስፒታል በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ በሽተኛው ሲዛወር የሚነሣ የክፍያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አይኖርም። ደንቡ ግን ከሀገር ሀገር ይለያያል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሥርዓቷ ሥራ ለሌላቸውም ቢሆን በሕጋዊና በተረጋጋ ሁኔታ ለ3 ወራት ለኖሩ ሰዎች በሩን ትከፍታለች። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከአንዱ አባል ሀገር ጡረታ እየተቀበለ በሌላው የሚኖር ሰው፣ በሚኖርበት ሀገር የራሱ የጡረታ ወይም የመድን መብት እስከሌለው ድረስ፣ «ኤስ1» የተባለውን ቅጽ አቅርቦ እንደ ሀገሬው ሰው መታከም ይችላል፤ ወጪውን ጡረታውን የሚከፍለው ሀገር ይሸፍናል። የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ ደግሞ ለጊዜያዊ ቆይታ የተሰጠ በመሆኑ፣ ለቋሚ ነዋሪነት አያገለግልም፤ የግል ሕክምናንም ሆነ ወደ ሀገር መመለሻ ጉዞን አይሸፍንም።

የተወለዱበት ወይም ቀድሞ የኖሩበት ሀገር ሽፋን ይከተለኛል ብለው የሚተማመኑ ሰዎችም አሉ። የአሜሪካው ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከሀገሪቱ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም፤ ይህም ሆኖ በውጭ ሀገር ሳሉ የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምናን በሚሸፍነው «ክፍል ቢ» በተባለው ሳይመዘገቡ የቆዩ ሰዎች፣ በሥራ በኩል ሌላ ሽፋን ካልነበራቸው፣ ተመልሰው ሲመዘገቡ ለዘገዩበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር ወርኃዊ ክፍያቸው 10 በመቶ ይጨመርበታል። በብሪታንያ ነፃ ሕክምና የሚገኘው በዜግነት ሳይሆን በነዋሪነት ነው፤ ሀገሩን ለቅቆ የወጣ ዜጋ ለጉብኝት ሲመለስ ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ሊከፍል ይችላል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ 55 ዓመት የሞላው ሰው ከግል መድን ወይም ከውጭ ሀገር ወደ ሕዝባዊው የጤና መድን መመለስ በእጅጉ ይከብደዋል። ወደ ባሕር ዳር የሚደረግ ጉዞ ከዓመታት በኋላ በመመለሻው ላይ ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ የሚበጀው ለዚህ ነው።

የጉዞ መድንን በጤና መድን ምትክ መያዝ በአዲስ መጤዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ለቪዛ ማመልከቻ የተገዛ ወረቀት፣ ለምሳሌ ለሼንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ ሀገሮች በጋራ ለሚያገለግለው የአጭር ጊዜ ቪዛ) የሚጠየቀውና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው መድን፣ ለአጭር ቆይታ ድንገተኛ ችግር የታሰበ ነው፤ የደም ግፊት ክትትልን፣ የካንሰር ሕክምናን ወይም እርግዝናን አይመለከትም። አንዳንዱ ውል ሰውየው ወደ ሀገሩ መመለስ በሚችልበት ሁኔታ ላይ ሲደርስ ክፍያውን ያቆማል። በውጭ ሀገር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ግን የሚመለስበት ቤት ላይኖረው ይችላል።

በግል መድን ላይ ትልቁ ጭቅጭቅ የሚነሣው በነባር ሕመም ነው። መድን ሰጪው ሁለት መንገድ ሊከተል ይችላል። በመጀመሪያው፣ አመልካቹ የጤና ታሪኩን በሙሉ ጽፎ ያቀርባል፤ ድርጅቱም የትኛውን ሕመም እንደሚቀበል፣ የትኛውን እንደሚያወጣ ወይም ለየትኛው ዓረቦን (የመድኑን ክፍያ) እንደሚጨምር ከመነሻው ይገልጻል። በሁለተኛው ምንም ሳይጠየቅ ውሉ ይፈረማል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የታየ ሕመም ሁሉ፣ ብዙውን ጊዜ ለ2 ተከታታይ ዓመታት ያለ ምልክትና ያለ ሕክምና ካላለፈ በቀር፣ ከሽፋን ውጭ ይሆናል። ሁለተኛው ቀላልና ፈጣን ስለሆነ ይወደዳል፤ እኔ ግን ለትንሽ ከተማ ነዋሪ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ክርክሩ የሚነሣው በሽተኛው በአምቡላንስ ተኝቶ ሳለ ሳይሆን ጤነኛ ሆኖ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ እንዲሆን ያደርገዋልና። ሕመምን ደብቆ መፈረም ደግሞ ውሉን ከሥሩ የሚያፈርስ ምክንያት ለድርጅቱ መስጠት ነው። ሐኪሙ ምርመራ ካዘዘ በኋላ መድን ለመግዛት መሯሯጥም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው፤ የታዘዘው ምርመራ ራሱ ነባር ሕመም ተብሎ ይመዘገባል። ለመውለድ ያሰቡ ጥንዶች በዚህ ረገድ ይበልጥ መቅደም አለባቸው፤ የወሊድ ሽፋን ባላቸው ውሎች ዘንድ ከ10 እስከ 12 ወር የመጠበቂያ ጊዜ የተለመደ ስለሆነ ከእርግዝና በኋላ የተገዛ ውል ለዚያ ወሊድ አይደርስም።

በዕድሜ በኩል ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው፤ አዲስ መድን ገቢ የሚቀበሉበት የዕድሜ ጣሪያና ነባሩን ገቢ የሚያድሱበት ጣሪያ። የመጀመሪያው 65 ወይም 70 ሆኖ ሁለተኛው ገደብ የሌለው ሊሆን ይችላል። ርካሽ የሚመስለው የአካባቢ ውል በሁለተኛው ላይ ዝም ካለ ድርጅቱን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይገባል።

የመድን ካርዱ በኪስ ውስጥ መኖሩም ብቻውን ገንዘብ ከመክፈል አያድንም። ትልልቅ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በቀጥታ የሚከፍሉት ውል ላላቸው ሆስፒታሎች ሲሆን፣ እነዚህም በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች የሚገኙ ናቸው። የትንሿ ከተማ ክሊኒክ የድርጅቱን ስም ሰምቶት አያውቅም፤ በሽተኛው ከኪሱ ከፍሎ በኋላ ገንዘቡን ይጠይቃል። ለዚህ ደግሞ «ሕክምና» የሚል አንድ ቃልና አንድ ድምር ብቻ የሰፈረበት ደረሰኝ አይበቃም፤ የሕመሙ ስም፣ የተሰጠው አገልግሎት በየዝርዝሩ፣ ቀኑ፣ የሐኪሙ ፊርማና የክሊኒኩ ማኅተም ይፈለጋል። የክሊኒኩ ጸሐፊ ሥራ በሚበዛባት ሰዓት ይህን ሁሉ እንድትጽፍ መጠየቅ ለእርሷም ለጠያቂውም አሳፋሪ ስለሆነ፣ በጽሑፍ የተዘጋጀ ባዶ ቅጽ ይዞ መሄድ ነገሩን ያቀልለዋል። ተኝቶ ለሚታከም ሰው ግን ድርጅቱ ለሆስፒታሉ የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል፤ ደብዳቤው እስኪደርስ መያዣ የሚጠይቁ የግል ሆስፒታሎች ስላሉ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ በቅርብ መኖሩ ይጠቅማል።

ወቅትም መረሳት የለበትም። በበጋ የከተማዋ ሕዝብ በቱሪስት ብዛት ሲያብጥ ያው አንድ ሐኪም ነው የሚያክመው፤ የድንገተኛ ክፍሉ በፀሐይ በተቃጠሉ፣ በሞተር ሳይክል በወደቁና በጄሊፊሽ በተነደፉ እንግዶች ይሞላል። በክረምት ወረፋው ይጠፋል፤ አብሮት ግን የክሊኒኩ የሥራ ሰዓት ያጥራል፣ ከትልቁ ከተማ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣ የነበረው ስፔሻሊስትም ሊቀር ይችላል። የዘወትር ምርመራን በወቅቶቹ መካከል ባሉት ወራት ማድረግ ከሁለቱም ጣጣ ያድናል።

የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማዘዣው የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይሆን ዓለም አቀፉን የወል ስም እንዲይዝ ማድረግ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የሚያወጣው ይህ ስያሜ በየትኛውም ሀገር ያለ ፋርማሲስት ሊያነበው የሚችል ሲሆን፣ የንግድ ስም ግን ድንበር ሲሻገር ይቀየራል፤ አልፎ አልፎም ተመሳሳይ ስም በሌላ ሀገር ሌላ መድኃኒት ሆኖ ይገኛል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት፣ ማዕበል በተነሣ ቁጥር መብራት በሚጠፋባት ከተማ ማቀዝቀዣው ሲቆም ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መታሰብ ይኖርበታል። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻና አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች ደግሞ በአንዱ ሀገር በማዘዣ የሚሸጡ ሆነው በሌላው የተከለከሉ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በሻንጣ ከመያዛቸው በፊት የመድረሻውን ሀገር ሕግ ማየት ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ቢኖርም በሽተኛው ራሱን ስቶ ከተገኘ ለመድን ድርጅቱ የሚደውለው እርሱ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች 112 ላይ የሚደውል ሰው አምቡላንስ ያገኛል፤ የሕክምና ጉዞውን የሚያጸድቀው የመድን ድርጅቱ ክፍል ግን የራሱ ስልክ አለው፣ የውሉንም ቁጥር ይጠይቃል። ሁለቱንም ቁጥሮች፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች፣ የአለርጂን ዓይነትና የቅርብ ዘመድን ስልክ በሀገሬው ቋንቋ በአንድ ገጽ ጽፎ አንዱን ቅጂ ከፓስፖርት ጋር፣ ሌላውን ቅርብ ጎረቤት ዘንድ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በማይታወቅባቸው ሰፈሮች ደግሞ በዚያው ገጽ ላይ አምቡላንሱ እስከ ደጃፍ የሚደርስበት አቅጣጫ ቢጻፍ፣ ደዋዩ በድንጋጤ መካከል ቤቱን ለማስረዳት አይቸገርም።